ከሰልና አየር፦ ከመተማ የእጣን ጭስ እስከ ሆስፒታል ኦክስጅን

በዛሬው ዝግጅታችን ወደ መተማ ቆላ እንወርድና በየቤታችን ከምናውቀው አንድ ተራ ነገር እንነሳለን። ከዚያም በጊዜው ሳይደርሰን ቀርቶ ብዙ ስላስከፈለን፣ ዛሬ ደግሞ የሕፃናትን ነፍስ ስለሚታደግ ዕውቀት እንጨዋወታለን።

መተማ የቆየች የንግድ በር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች ቡናና ሰም ጭነው፣ በጭልጋ በኩል ወርደው ወደ ሱዳን የሚሻገሩት በዚያች ከተማ ነበር። ቆላው የእጣንና የሙጫ አገር ነው። እጣን ወይም የሱዳን ቡኹር የጨሰበት ቤት የገባ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጭሱ ከተበተነ ከሰዓታት በኋላም ሽታው ከመጋረጃው፣ ከነጠላውና ከሒጃቡ አይጠፋም። ብርጭቆው ግን ብዙም ሳይቆይ ሽታ አልባ ይሆናል። እናቶቻችንም የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ቅሉም የጭሱን ሽታ ይዞ ይቆያል። ለምን ይሆን?

ምስጢሩ ያለው በዕቃው ገጽ ላይ ነው። ጋዝ ወደ ጠጣር ነገር ሲጠጋ ከፊሉ በገጹ ላይ ተስቦ ይያዛል። ስኳር በውሃ እንደሚሟሟው ውስጥ ገብቶ አይዋሃድም፤ ላዩ ላይ ያርፋል እንጂ። ገጹ በሰፋ መጠን የሚያዘው ጋዝም ይበዛል። ልሙጡ ብርጭቆ ያለው ገጽ ጥቂት ነው። ጨርቅ ግን የብዙ ሺህ ክሮች ድምር ነው፤ ቅልም ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት።

ይህን በሙከራ ማጥናት የጀመሩት የ18ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ናቸው። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1773፣ ጣሊያናዊው ፌሊቼ ፎንታና ደግሞ በ1777 ከሰል ጋዝን እንደሚይዝ አሳዩ። ፎንታና የጋለ ከሰል አቀዝቅዞ ጋዝ ሲያቀርብለት፣ ከሰሉ ከራሱ መጠን ብዙ እጥፍ የሆነ ጋዝ ያዘ። በ1881 ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ካይዘር ለነገሩ «አድሶርፕሽን» የሚለውን ስም አወጣለት። ዛሬ እንደምናውቀው በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ አንድ ግራም ከሰል በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ገጽ ቢዘረጋ ከ1000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ይህ ባለ 200 ካሬ የሆኑ አምስት የቤት ቦታዎች ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

ሕጉን ያብራራው አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሙየር ነው፤ ጊዜውም ከ1916 እስከ 1918 ነበር። ለማስረዳት ያህል የመስጂድ ሶፍን እናስብ። በሶፉ ላይ ያለው ቦታ የተወሰነ ነው፤ በአንድ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ይቆማል። የጋዝ ቅንጣቶችም በጠጣሩ ገጽ ላይ እንዲሁ አንድ አንድ ቦታ ይይዛሉ፤ ቦታው ሲሞላ ሌላ አይጨመርም። ግፊት ሲጨምር የሚይዙት ቦታ ይበዛል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ለቀው ይሄዳሉ። ላንግሙየር በዚህና በተያያዙ ሥራዎቹ በ1932 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1938 ብሩናወር፣ ኤሜትና ቴለር የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ከመጀመሪያው ሶፍ ኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ሶፍ እንዴት እንደሚደረደር በስሌት አሳዩ።

ነገር ግን ማብራሪያው ሳይመጣ ጦርነቱ ቀደመ። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ቤልጅየም ውስጥ በምትገኘው ኢፕር የክሎሪን መርዝ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኒኮላይ ዜሊንስኪ በከሰል የሚሠራ የጋዝ ጭምብል አዘጋጀ። መርዙ በከሰሉ ገጽ ላይ ይቀራል፤ ወታደሩ የተጣራ አየር ይተነፍሳል። እንግዲህ ይህ ዕውቀት ከ1915 ጀምሮ በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። በታኅሣሥ 1935 እ.ኤ.አ. የፋሽስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ ግንባር በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፔሪት የተባለውን የሰናፍጭ መርዝ ጣሉ። ተከዜ ከመተማ በስተሰሜን ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ነው። መርዙን ኢጣሊያ ራሷ የፈረመችው የ1925ቱ የጄኔቭ ስምምነት ከልክሎት ነበር። የአባቶቻችን ጦር ግን ጭምብል አልነበረውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሴቶች ከጨርቅ ጭምብል ይሰፉ ነበር። ኢፔሪት ቆዳንም ስለሚያቃጥል ጭምብል ብቻውን በባዶ እግሩ ለሚዘምተው ወታደር በቂ አይሆንም ነበር፤ ዓይንንና ሳንባን ግን ይታደግ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1996 ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሰል ሁሉንም ጋዝ አይዝም። ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከሰልም አይዘው። ስለዚህ «ከሰል ሽታ ይይዛል» ብለን የተቀጣጠለ ማንደጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አስቀምጠን አንተኛ። ስንት ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ሌሊት አልቋል!

ያው ዕውቀት ዛሬ በሌላ መልክ መጥቶልናል። በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን ትንፋሹ ሲያጥር የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ከጎንደር እስከ መተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሲሊንደር በመኪና እስኪደርስ ሕፃኑ አይጠብቅም። ስለዚህ ኦክስጅንን እዚያው ከአየር የሚለይ መሣሪያ ተሠራ፤ የአሠራሩ መሠረት አሜሪካዊው ቻርልስ ስካርስትሮም በ1960 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። መሣሪያው አየሩን ጨምቆ ዚዮላይት በተባለ ባለቀዳዳ ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ያስቀራል፤ ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን የሆነ አየር ይወጣል። ግፊቱ ሲቀንስ የተያዘው ናይትሮጅን ይለቀቃል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ሶፉ ይሞላል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይሞላል።

የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሕክምና ኦክስጅን ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ያወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ የኦክስጅን ዋጋ ለሁሉም ተገለጠ። በ2023 ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሺህ ስደተኞች በመተማ በኩል ገቡ።

ይሁንና መሣሪያ መግዛት ብቻውን አያድንም። ዚዮላይት የውሃ እንፋሎትን ከናይትሮጅን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ እርጥበት ከገባበት ቦታው በውሃ ተይዞ ሥራውን ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ መሣሪያው እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንዲሠራ ይጠይቃል፤ የመተማ በጋ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። አቧራውም አለ፣ የመብራት መቆራረጡም አለ። ማጣሪያውን በየጊዜው የሚያጥብ፣ መሣሪያውን ከፀሐይ የሚያርቅ፣ ሲበላሽ የሚጠግን የሠለጠነ ወጣት ከሌለ ውዱ መሣሪያ በመጋዘን ውስጥ ብረት ሆኖ ይቀራል።

በ1935 ዕውቀቱ በዓለም ላይ ነበር፤ በእጃችን ግን አልነበረም። ዛሬ በደጃችን ነው። ልጆቻችን ኬሚስትሪና የሕክምና መሣሪያ ጥገና እንዲማሩ እናበረታታ። የማጨሻው ጭስ በሒጃባችን ላይ ሲቀር ይህን እናስታውሳቸው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።