ኢዮሲኖፊልና አስም፦ የአንድ የደም ሕዋስ ታሪክ

እንደሚታወቀው የአስም ክብደት የሚለካው ሕመምተኛው በኃይል በሚያስወጣው አየር ነው። ስለ በሽታው ውስጣዊ ሂደት ብዙ ያስተማረው ግን የደም ምርመራ ነው። የሁለቱ ልኬቶች ታሪክ ዛሬም የላቦራቶሪ ውጤት ለሚያነብ ሐኪም ትምህርት አለው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የተለካው ትንፋሽ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሐቺንሰን ከ2000 የሚበልጡ ሰዎችን በስፓይሮሜትር መርምሮ ውጤቱን በ1846 አሳተመ። ይህ ልኬት የአየሩን መጠን እንጂ የሚወጣበትን ፍጥነት አያሳይም ነበር። በ1947 ፈረንሳዊው ሮበር ቲፍኖ በአንድ ሰኮንድ የሚወጣውን አየር መለካትን ሲያስተዋውቅ የአየር ቧንቧ መጥበብ በቁጥር ሊገለጽ ቻለ።

በደም ምርመራ በኩል ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሽ በ1879 አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ቀለም በብርቱ እንደሚቀበሉ አሳየ፤ ኢዮሲኖፊል የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ነው። ሕዋሱ በአስም ሕመምተኞች ደምና አክታ በብዛት መገኘቱ ቢታወቅም፣ ተግባሩ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ።

በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች በዚህ ሕዋስ ውስጥ ሂስታሚኔዝና አሪልሰልፋቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን አገኙ። የመጀመሪያው ሂስታሚንን ያፈርሳል፤ ሁለተኛውም የአየር ቧንቧን የሚያጠብበውን ሌላ ንጥረ ነገር ያመክናል ተብሎ ታመነ። በመሆኑም ኢዮሲኖፊል እሳቱን ለማጥፋት የሚመጣ ረዳት ተደርጎ ተቆጠረ። በ1975 የታተመ ጥናት የሕዋሱ ቁጥር ሲጨምር የሳንባ አቅም እንደሚቀንስ ቢያሳይም፣ ይህ ብቻውን ግምቱን አላፈረሰውም፤ እሳት በበረታበት እሳት አጥፊም ይበዛልና።

ግምቱን ያናጋው ሌላ ማስረጃ ነው። በ1979 ያ የአየር ቧንቧን የሚያጠብበው ንጥረ ነገር ሉኮትሪን መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ኢንዛይሙ ይቆርጠዋል የተባለው የሰልፌት ትስስር በውስጡ እንደሌለ ታወቀ። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የጄራልድ ግላይክ ቡድንም ከኢዮሲኖፊል የሚወጣ ፕሮቲን የአየር ቧንቧን ሽፋን እንደሚጎዳ አሳየ፤ በ1982 ደግሞ ይኸው ፕሮቲን በአስም ሕመምተኞች የሳንባ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ መገኘቱን ገለጸ። ረዳት የተባለው ሕዋስ ጉዳት አድራሽ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የኢዮሲኖፊልን ቁጥር የሚቀንሰው ሜፖሊዙማብ በ2000 በቀላል አስም ላይ ሲሞከር ሕዋሱ ቢቀንስም የአየር ቧንቧው ምላሽ አልተለወጠም። በ2009 ግን ሕዋሱ በዝቶባቸው ሕመማቸው በጸናባቸው ታካሚዎች ላይ ሲሞከር፣ የሕመሙ ማገርሸት በግልጽ ቀነሰ። ትንፋሽ የመጥበቡን መጠን፣ ደም ደግሞ የብግነቱን ዓይነት ይናገራል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ይህ ትምህርት በአገራችን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአንጀት ትላትል በተስፋፋበት አካባቢ ኢዮሲኖፊል በትላትል ምክንያትም ይበዛል። ከፍ ያለውን ቁጥር በሙሉ ለአስም ሰጥቶ፣ ሰገራ ሳያስመረምር የሚዋጥ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚያዝ ሐኪም፣ ስትሮንጂሎይድስ ያለበትን ሕመምተኛ ለሞት ሊያጋልጥ ይችላል። የሕዋሱ መብዛት የጥያቄ መነሻ እንጂ መልስ አለመሆኑን የመቶ ዓመቱ ታሪክ ያስተምረናል።