የቢ.ኤም.ኤክስ. ቢስክሌት ስምና ብረት

የዕቃ ስም ከጥራቱ ቢወለድም፣ ዘወትር ከጥራቱ ጋር አይኖርም። ለዚህ የቢ.ኤም.ኤክስ. ቢስክሌት ታሪክ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች የሞተር ሳይክል እሽቅድምድምን በመኮረጅ፣ በአፈር ሜዳ ላይ በተራ ቢስክሌት ይወዳደሩ ጀመር። ለመንደር መንገድ የተሠራው ቢስክሌት ግን ዝላዩን አልቻለም፤ ራጂው ረገፈ፣ ቱቦው ተጣመመ፣ ብየዳው ተሰነጠቀ። መፍትሔውም ከዚሁ ስብራት ተገኘ። በ1974 ሞንጉስ ራጂ የሌለውን ሞቶማግ የተባለ መንኮራኩር አቀረበ። የእሽቅድምድም መኪና አካል ይበይድ የነበረው ጋሪ ተርነርም 4130 ከተባለው ክሮሞሊ ብረት ለልጁ ቢስክሌት ሠራ። የክሮሞሊ ግትርነት ከተራው ብረት አይበልጥም፤ ሁለቱም ወደ 200 ጊጋፓስካል ናቸው። ጥንካሬው ግን ስለሚበልጥ የቱቦውን ግድግዳ ለማሳሳት፣ ክብደቱንም ለመቀነስ ያስችላል።

ዛሬ የዚያ ዘመን ዝነኛ ቢስክሌቶች እንደገና እየተሠሩ ይሸጣሉ። ቀለማቸውና ምልክታቸው ከቀድሞው ጋር አንድ ቢሆንም፣ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ክሮሞሊ ሲሆን ሌላው በከፊል ተራ ብረት ነው። አሮጌውም ቢሆን ሁሉም ክሮሞሊ አልነበረም፤ ለዓመታት የተዘለለበት ብየዳም ድካም ያጠራቅማል። ስለዚህ ዕድሜም ሆነ አዲስነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ለግድግዳ ጌጥ የሚገዛ ሰው በስሙ ቢረካ አይፈረድበትም። የሚዘልበትን ልጅ የሚሸከመው ግን ስሙ ሳይሆን ብረቱ ነው።