ጋፋት፦ የአፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መንደር

ለእረፍት አገር ቤት የሚገቡ ልጆቻችን ደብረ ታቦር ከደረሱ ጋፋትን ይጠይቁ። በ1850ዎቹ ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን እነ ዋልድማየርን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ምድጃ ተተከለ፣ የአገራችን ሰዎችም ከጎናቸው ሠሩ። ከብዙ ድካም በኋላ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጡ። ሠራዊቱ ገደል እየናደ፣ መንገድ እየጠረገ፣ መድፉን ለወራት ጎትቶ መቅደላ አደረሰው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሲሞቱ የጋፋትም ሥራ አብሮ ቀረ።

መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጋፋት ምድጃ ግን ከጠፋ ቆየ። በአንድ ሰው ትእዛዝ ብቻ የቆመ ሙያ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። እኛም በሰው አገር ይህን ኢዮቤልዩ ስናከብር፣ የያዝነውን ሙያ ለልጆቻችን እናስተምር።