የአሀድ ሕዋስ ልኬቶችን ከራጅ ዲፍራክሽን ጫፎች ጋር ማዛመድ

የክሪስታል አሀድ ሕዋስ፣ ማለትም በሦስት አቅጣጫ እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚገነባው ትንሹ ሳጥን፣ በሦስት የጠርዝ ርዝመቶችና በሦስት ማዕዘኖች የሚገለጽ ሲሆን፣ እነዚህን ልኬቶች ከዱቄት ናሙና ከተመዘገቡ የራጅ ጫፎች ጋር የማዛመዱ ሥራ ዛሬ በሶፍትዌር ይከናወናል። መሠረቱ የጫፉን ማዕዘን ከአቶም ንጣፎች ርቀት ጋር የሚያያይዘው፣ ላውረንስ ብራግ እ.ኤ.አ. በ1912 ያቀረበው ሕግ ነው።

ከደብረ ወርቅ በስተደቡብ፣ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከባዛልቱ ሥር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት ሄክሳጎናል በሆነ ሕዋስ ሲገለጽ ጠርዞቹ 4.99 እና 17.06 አንግስትሮም ስለሆኑ፣ ሶፍትዌሩ የሞገድ ርዝመቱ 1.5406 አንግስትሮም በሆነ የመዳብ ራጅ ዋናው ጫፍ 29.4 ዲግሪ ላይ እንደሚወድቅ አስልቶ ከተለካው ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱም እስኪያንስ ድረስ ልኬቶቹን ደጋግሞ ያርማል። ማግኒዥየም የካልሲየምን ቦታ ሲይዝ ሕዋሱ ስለሚጠብ ጫፉ ወደ ከፍተኛ ማዕዘን ይሸሻል፤ በዶሎማይት 31 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ትርፍ ማግኒዥየም ሲሚንቶን ስለሚጎዳ ይህ ንባብ ተራ የቤተ ሙከራ ጉዳይ አይደለም።

ሕዋሱ ጨርሶ በማይታወቅበት ጊዜ እንደ ዲክቮልና ትሪዎር ያሉ ፕሮግራሞች ከጫፎቹ ብቻ ተነሥተው ሕዋሱን ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ናሙናው ከተገቢው ከፍታ ጥቂት ቢዛነፍ ጫፎቹ ሁሉ ስለሚንሸራተቱ፣ የተሳሳተ ሕዋስ ትክክል መስሎ ሊወጣ ይችላል።