የመምህራን በጎ ፈቃድና የትምህርት ለውጥ፤ ከ1964 እስከ 1972 ዓ. ም.

የመምህር ግዴታው በሰዓቱ ገብቶ የተመደበለትን ትምህርት ማስተማርና ፈተና ማረም ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤትን የሚያቆመው በደንብ የተጻፈው ሥራ ብቻ አይደለም። ደካማውን ተማሪ ከሰዓት በኋላ የሚያስጠና፤ አዲስ ለመጣው ባልደረባው ሥራውን የሚያሳይ መምህር ደመወዝ የማይታሰብበትን ሥራ በፈቃዱ ይሠራል። የትምህርት ሥርዓት በሚለወጥበት ጊዜ ይህ በጎ ፈቃድ የሚጸናው ወይም የሚጠፋው በምን ምክንያት ነው? ለዚህ ጥያቄ የአገራችን ታሪክ ሁለት ምስክሮች ያቀርብልናል።

የመጀመሪያው በ1964 ዓ. ም. የተደረገው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነው። አሳቡ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙ ሕፃናት እንዲዳረስና ትምህርቱም ከእርሻና ከእጅ ሥራ ጋር እንዲገናኝ ነበረ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጆች ጥቂቶች ስለ ነበሩ አሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን ለውጡን በክፍል ውስጥ የሚፈጽሙት መምህራን በምክሩ አልተወከሉም፤ ውጤቱም ቶሎ ሳይገለጥ ቆየ። በመጨረሻ ወሬው በተሰማ ጊዜ መምህሩ ሥራው በዝቶ ኑሮው እንዳይጐድል፤ ድኻው ወላጅም ልጁ ከ4ኛ ክፍል እንዳያልፍ ፈራ። የደመወዝ ጥያቄም ተጨምሮበት መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ. ም. ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ስለ ቤንዚን ዋጋ ሥራ አቁመው ነበርና ነገሩ በረታ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ።

ሁለተኛው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በክረምት ዕረፍታቸው መምህራንና ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደው ጐልማሶችን ፊደል አስቈጠሩ። ዘመቻው በ1972 ዓ. ም. መጨረሻ ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። እርግጥ ነው፤ ትእዛዙ የመጣው ከጨካኝ መንግሥት ስለ ሆነ ሁሉም በፈቃዱ ዘመተ ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ትእዛዝ መምህርን እስከ ዳሱ ድረስ ያደርሰዋል እንጂ ስሙን መጻፍ ለሚታገል ሽማግሌ በትዕግሥት እንዲደግምለት አያደርገውም። ያን ትዕግሥት የሰጠው የሥራውን ፍሬ በዓይኑ ማየቱ ይመስለናል።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ መምህር ለውጥን ሁሉ አይጠላም። ሳይመክርበት የመጣበትን ለውጥ ግን በግዴታው ልክ ብቻ ይፈጽመዋል፤ ያም ባይሆን ይቃወመዋል። የትምህርትን ሥርዓት ለማሻሻል የሚያስብ ሁሉ ዕቅዱን ከማተሙ በፊት መምህሩን ይጠይቅ።