ከጨው ወደ ስኳር

አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው። ድዷን ተነቅሳለች፤ በዘመኗ ጥቁር ድድ የነጭ ጥርስ ጌጥ ነው። የወይራ መፋቂያም ከአፏ አይጠፋም። እኔ የልጅ ልጇ ግን ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት ቡና የጠጣሁ አይመስለኝም። ሰሞኑን ድዴ ደምቶ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ «በቀን ስንት ስኒ? በስንት ማንኪያ?» አለኝ። አስቤው አላውቅም ነበር፤ ስደምረው አፈርኩ።

ለአያቴ ትውልድ ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ለእንግዳ የሚቆጠብ ነገር ነበር። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር የወንጂን ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ወንጂ ሸዋና መተሐራ ተከተሉ። ሻይ ቤቱም፣ ከረሜላውም፣ ለስላሳውም በየሰፈሩ ተስፋፋ። በአንድ ሰው ዕድሜ ምላሳችን ተለወጠ ማለት ነው።

ድዳችንስ? ስኳር ጥርስ ሥር በሚለጠፈው ቆሻሻ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይቀልባል። ቆሻሻው በወቅቱ ካልተጠረገ ድድ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ዝም እንለዋለን፤ ውስጥ ውስጡን ግን ጥርስ የቆመበትን አጥንት ይበላል። ጥርስ ሲነቃነቅ ነው የምንነቃው።

ጨው ድድ ያድናል አልወጣኝም። የአያቴ ዘመንም ከበሽታ የጸዳ አልነበረም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ስኳሩን በሁለት እጃችን ስንቀበል መፋቂያውን ጣልነው።

እኔ አሁን አንድ ማንኪያ ላይ ደርሻለሁ። ትናንት ደግሞ ከመንገድ ዳር መፋቂያ ገዛሁ።