ወተት በጉንጬ፦ በወሎ ማሳ መካከል የኖረው ማሽላ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ውርጌሳንና መርሳን አልፎ ወልድያ ከመድረሱ በፊት ሲሪንቃን ያገኛል። ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ስትሆን፣ ከበላይዋ ደጋው፣ ከበታችዋ ደግሞ የሀብሩ ቆላ ይታያል። ዛሬ ስሟ ከግብርና ምርምር ማዕከሏ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይሁን እንጂ የምርምር ጣቢያ የሚባል ነገር በአካባቢው ከመታሰቡ እጅግ አስቀድሞ በዚህ አገር ዘር ሲመረጥና ሲጠበቅ ኖሯል።

የወሎ ገበሬ የማሽላ ዘሩን የሚለየው እህሉ አውድማ ላይ ከወደቀ በኋላ አይደለም። ሰብሉ ገና ቆሞ ሳለ በማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ራሱ የሞላውን፣ አገዳው የጠናውን፣ ነቀዝ የማይደፍረውን ይመርጣል። የተመረጠው ራስ ተቆርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዙን ያርቅለታል። ማሽላ በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ የሚያፈራ ተክል ስለሆነ፣ የተመረጠው ራስ ዘሮች ባመዛኙ እናታቸውን ይመስላሉ። ሆኖም ነፋስ ከጎረቤት ማሳ የሚያመጣው ጥቂት ብናኝ በየጊዜው እንግዳ ተክል ማስገባቱ አይቀርም። ያንን እንግዳ ነቅሎ መጣልም ሆነ ለይቶ ማቆየት የቤተሰቡ ፈንታ ነው። የዝርያ ማሻሻል ሥራ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ስለዚህም በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ማሽላ አብሮ ይበቅላል። ጅጉርቲ ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ጥንቅሽ የሚወደደው ለፍሬው ሳይሆን እንደ ሸንኮራ ለሚመጠጠው አገዳው ነው። ከእነዚህ መካከል ደግሞ በጥቂቱ የሚዘራ፣ ፍሬው ሲደርቅ የሚጨማደድ፣ ምርቱም አነስተኛ የሆነ አንድ ዝርያ አለ። ስሙ ወተት በጉንጬ ይባላል። የዚህ ማሽላ ቦታው ጎተራ አይደለም፤ ፍሬው ሳይጠነክር በእሸትነቱ ራሱ በእሳት ተጠብሶ ይበላል። ዘመዱ የሆነው ሌላ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከማር ነው። ስም አውጪዎቹ የቀመሱትን ነገር በትክክል ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል።

ሳይንስ ወደዚህ ጣዕም የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል፣ ከመላው ዓለም ከተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ናሙናዎች ውስጥ የላይሲን መጠኑ ከፍ ያለ ይፈልጉ ነበር። ላይሲን ሰውነት ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ የፕሮቲን አካል ሲሆን፣ ማሽላ በተለይ የሚጎድለው እርሱ ነው። ከናሙናዎቹ ውስጥ የፍሬያቸው ውስጥ ዱቄታማ የሆኑ 62 ተለዩ። ከእነዚህም የተፈለገውን ባሕርይ ይዘው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የወሎ ነበሩ። በተራ ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ያህል ሲሆን፣ በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። የፕሮቲናቸው መጠንም ከተለመደው የላቀ ነበር።

ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ዓ.ም. ላይ ያርፋል፤ ወሎ በረኀብ የተመታበት ጊዜ ማለት ነው። ከዓለም ማሽላ ሁሉ በምግብነቱ ብልጫ ያለው የተገኘበት አገር ሕዝብ በዚያው ዓመት በአውራ ጎዳናው ዳር እህል ይጠብቅ ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አጋጣሚ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር። አርቢዎች ባሕርይውን ምርታማ ወደሆኑ ዝርያዎች ለማስተላለፍ ደከሙ። ነገር ግን ላይሲኑን ከፍ የሚያደርገው ዘረ መል ፍሬውን ከሚያጨማድደው ባሕርይ ጋር ተጣብቆ አስቸገረ። ፍሬው ለስላሳ ስለሚሆን ክብደቱ ይቀንሳል፣ ለነቀዝም ይጋለጣል። የወሎ ቤተሰቦች ይህን ችግር መላ አግኝተውለት ነበር፦ በጥቂቱ፣ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ መዝራትና ሳይደርቅ መብላት። ከተክሉ ምርት አልጠየቁትም፤ ጣዕም ጠየቁት፣ ሰጣቸውም። ሁሉንም በኩንታል የሚመዝን አእምሮ ይህን ዓይነቱን ተክል ከመጀመሪያው ዓመት ይጥለው ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ደካማ ጎን ግን ግልጽ ነው። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ዘር ቤተሰቡ ሲራብ የመጨረሻው ምግብ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ብዙ ሰው ዘሩን በላ። እህል በእርዳታ ሊመጣ ይችላል፤ የአንድ መንደር ማሽላ ግን ከባሕር ማዶ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ከ1979 ጀምሮ ዶክተር መላኩ ወረደ የመሩት የዕፅዋት ዘረ መል ሀብት ማዕከል፣ የአገሩን ዘር መሰብሰብና ማዳን የያዘው በዚህ ዘመን ነው። ዘሩን በብርድ ክፍል አሽጎ በመያዝ ብቻ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከካናዳ በተገኘ ድጋፍ በሰሜን ምሥራቅ ሸዋና በደቡብ ምሥራቅ ወሎ የአገር ማሽላ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅና እንዲሻሻል አደረገ። ዶክተር መላኩ በ1989 ለተሰጣቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ምክንያት የሆነው ሥራቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የወሎና የፐርዱ ግንኙነት በዚያ አላበቃም። የአክስቴል ተማሪ የነበሩት ዶክተር ገቢሳ ኤጀታ የማሽላ ጠላት የሆነውን አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አስገኝተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከፐርዱ ከመጡት አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አንዱ በኢትዮጵያ ጎብዬ ተባለ፤ ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሲሪንቃ ማዕከልም ካወጣቸው ማሽላዎች አንዱን ግራና አንድ ሲል በአቅራቢያው ባለው ሸለቆ ጠርቶታል።

እነዚህ አዳዲሶቹ ቶሎ የሚደርሱ ናቸው፤ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ለሚወጣበት ዓመት ይበጃሉ። አገዳቸው ግን አጭር ነው። ከጅጉርቲ አገዳ ከብት ይቀለባል፣ አጥር ይታጠራል፣ እሳት ይነዳል፤ ስለዚህ ገበሬው አዲሱን በከፊል ማሳው ላይ ዘርቶ ረጅሙን በቀሪው ያቆያል። መከር ሲቃረብም ሁለቱን እየተዘዋወረ ያያል።